ፕሮቲን ዳታ ባንክ፦ የሙቀት ወዳድ ባክቴሪያዎችን ፕሮቲን ለማስተማር ምን ያህል ያገለግላል?

ፕሮቲን ዳታ ባንክ በ1971 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሰባት የፕሮቲን መዋቅሮችን፣ ማለትም ባለ ሦስት አቅጣጫ ቅርጾችን፣ ይዞ የተቋቋመ፣ ዛሬ ከ200,000 በላይ መዋቅሮችን ያለ ክፍያና ያለ ምዝገባ የሚያቀርብ ዓለም አቀፍ ማኅደር ነው። ይህን ግምገማ የምጽፈው ደሴ ላይ ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ሆኜ ሲሆን፣ አገልግሎቱንም የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ በሙቀት ወዳድ ባክቴሪያዎች ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፉ ፕሮቲኖች ሳይበላሹ እንዴት እንደሚሠሩ ለተማሪ ሊያሳይ ይችላል ወይ? በአብዛኛው ይችላል።

ጥያቄው ለወሎ ተማሪ ሩቅ አይደለም። በቦርከና ሸለቆ ፍል ውሃ አለ፤ ደሴ ላይም ከቦታው ከፍታ የተነሣ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። በጣሊያን ቩልካኖ ደሴት አካባቢ ከጋለ የባሕር ወለል የተገኘችውና በ1986 የተመዘገበችው ቴርሞቶጋ ማሪቲማ ደግሞ በ80 ዲግሪ ተመችቷት ትኖራለች፣ እስከ 90 ድረስም መራባት ትችላለች። የእንቁላል ነጭ ሲቀቀል የሚረጋው ፕሮቲኑ በሙቀት ቅርጹን ስለሚያጣ መሆኑን የተማረ ልጅ፣ የዚህች ባክቴሪያ ፕሮቲን ለምን እንደማይረጋ መጠየቁ አይቀርም።

የማኅደሩ ትልቁ ጥቅም ሁለት ዘመዳሞችን ጎን ለጎን ማስቀመጡ ነው። ቼዋይ ለባክቴሪያ መዋኛ ጅራት መልእክት የሚያደርስ ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ የቴርሞቶጋን ቼዋይና በ37 ዲግሪ የምትኖረውን የአንጀት ባክቴሪያ የኢ. ኮላይን ቼዋይ ከፍቶ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ይቻላል። ሁለቱም 120 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ የአሚኖ አሲድ ቁጥር ያላቸው፣ በመሃል አምስት ዝርግ ክሮች፣ በዙሪያቸውም አምስት ጥምዝ ዘንጎች የያዙ ናቸው፤ የመልእክቱ ምልክት የሆነውን ፎስፌት የሚቀበለው አስፓርቴት የተባለ አሚኖ አሲድና ማግኒዚየሙም በዚያው ቦታ ይገኛሉ። ተማሪ ትልቅ ልዩነት ጠብቆ ይህን መመሳሰል ሲያይ ትምህርቱ ይጀምራል። በተለምዶ ሙቀት የመቋቋም ምሥጢሩ በተቃራኒ ቻርጆች መካከል የሚፈጠሩ የጨው ድልድዮች መብዛት፣ ወይም የፕሮቲኑ ውስጥ ይበልጥ መጠቅጠቅ ነው ይባላል። የቴርሞቶጋን ቼዋይ መዋቅር በ1998 ያሳተሙት ተመራማሪዎች ግን የተለመዱት ማብራሪያዎች በዚህ ፕሮቲን እንደማይደገፉ ጽፈዋል። ድልድዮቹን በስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ፈልጎ መቁጠር መቻሉ፣ በመጽሐፍ የተቀመጠን መልስ ተማሪው ራሱ እንዲፈትሽ ዕድል ይሰጠዋልና ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

ቀጥሎ መታየት ያለበት፣ ከዚያችው ከቴርሞቶጋ የተገኘው ሂስቲዲን ካይኔዝ (ፎስፌት ለሌላ ፕሮቲን የሚያቀብል ፕሮቲን) ኤችኬ853 መልእክቱን ከሚቀበለው ፕሮቲን ከአርአር468 ጋር ተጣምሮ የሚታይበት፣ በ2009 የወጣው መዋቅር ነው። ካይኔዙ ጥንድ ሆኖ ይቆማል፤ ፎስፌቱን መጀመሪያ ሂስቲዲን በተባለው የራሱ አሚኖ አሲድ ላይ ያኖራል፣ ከዚያም ለተቀባዩ አስፓርቴት ያሻግረዋል። እዚህ ላይ የፕሮቲኑ መጠንከር ብቻውን እንደማይበቃ ይገባል፦ መልእክት ለማስተላለፍ መንቀሳቀስ፣ ለመኖር ደግሞ አለመፍረስ አለበት። ከመጠን በላይ የጠነከረ ፕሮቲን ሙቀቱን ቢችልም መልእክቱን አያሻግርም።

የማኅደሩ ድክመትም ከዚሁ ይነሣል። በኤክስሬይ የሚጠኑት አብዛኞቹ ክሪስታሎች መለኪያው ሲካሄድ 173 ዲግሪ ከዜሮ በታች ገደማ እንዲቀዘቅዙ ይደረጋሉ፤ ስለዚህ በ80 ዲግሪ የሚሠራ ፕሮቲን የሚታየው ቀዝቅዞ እንቅስቃሴው ቆሞ ነው። የፕሮቲኑን እንቅስቃሴ ተማሪ ከዚህ ምስል ብቻ ሊረዳ አይችልም፣ መምህሩ አብሮ ማስረዳት አለበት። ገጹ በእንግሊዝኛ መሆኑም ለጀማሪ ይከብዳል፤ በሥዕል የተደገፈው የወሩ ሞለኪውል የተባለው ዝግጅት ግን ቀላል ቋንቋ ስለሚጠቀም በመጠኑ ያግዛል።

በአካባቢያችን ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ጊዜ ፋይሉን አስቀድሞ አውርዶ በኮምፒውተር ላይ በተጫነ ማሳያ መክፈት ይሻላል፤ የቼዋይ ፋይል ትንሽ በመሆኑ በስልክ ዳታም ይወርዳል። ትልልቅ ጥምር መዋቅሮችን በአሮጌ ስልክ ማዞር አድካሚ ስለሆነ በፕሮጀክተር ለክፍሉ በአንድነት ማሳየት ይመረጣል። ለ12ኛ ክፍል ቼዋይ ብቻውን ይበቃል፤ ካይኔዙ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይቆይ።