የጀልባችንን ሞተር ላዳኑልን የአዘዞው መካኒክ ምስጋና

ጎንደሮች፣ በተለይ ጎርጎራ ላይ ጀልባ ያላችሁ፣ ይችን ሳትሰለቹ አንብቡልኝ። አዘዞ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ። ስሜ አይጠቀስ ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ ነው የምጽፈው።

እኔና ወንድሜ ጣና ላይ አንዲት የናፍጣ ጀልባ አለችን። ሰው ወደ ማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳም እናመላልሳለን፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ዓሣም እንጭናለን። ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ወንድሜ እንደ ልማዱ የሞተር ዘይት ሲለካ ከምልክቱ በላይ ወጥቶ አገኘው። ማንም አልጨመረበትም። መልኩን ሲያየው ደግሞ ማኪያቶ መስሏል። ውሃ ገብቶበታል።

መጀመሪያ ያየልን ባለሙያ አንድም ብሎን ሳይፈታ "የቴስታ ጓርኒሲዮን ሄዷል፣ ሞተሩ ወጥቶ ይፈታ" አለን። ቴስታ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮኑ ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ። ሂሳቡን ስንሰማ ጀልባዋን እንሽጣት እስከማለት ደርሰን ነበር።

ለጋሼ የደወልኩት በሰው ጥቆማ ነው። ነገሩን ሳልጨርስ "ልጄ፣ ከዚያ ወዲህ አስነስታችኋታል?" አሉኝ። አላስነሳንም አልኳቸው። "እንዳትነኳት! ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ካለ ውሃ አይታመቅም፣ ሞተሪኖው ሲገፋው ቢዬላውን ነው የሚያጣምመው" አሉ። ሞተሪኖ ማስነሻው ነው፣ ቢዬላ ደግሞ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ። ለዚህ ምክር ሳንቲም አልጠየቁም። በማግስቱ መሣሪያቸውን ይዘው ያን ሁሉ መንገድ በሚኒባስ መጡልን።

ናፍጣ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ነቅለው ሞተሩን በእጅ አዞሩት። ከሲሊንደሮቹ ጠብታ ውሃ አልወጣም። ኮምፕሬሽኑንም፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየር የሚያምቁበትን ኃይል ለኩ፣ ደህና ነው። "ቴስታውን ያለ ጥፋቱ አትክሰሱት" አሉና ወደ ውሃ ፖምፓው ዞሩ። የሐይቁን ውሃ ስቦ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው፣ በእኛ ሞተር ላይ በጥርስ የሚዞር ስለሆነ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ነው የታሰረው። ዘንጉ ላይ ኦይል ሲል የምንላቸው ሁለት ጎማዎች አሉ፣ አንዱ ውሃውን አንዱ ዘይቱን የሚይዝ። በመካከላቸው ከታች በኩል አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። የተሠራችው ጎማው ሲያልቅ ውሃው ወደ ውጭ እንዲንጠባጠብና ባለቤቱ አይቶ እንዲነቃ ነው። የእኛዋ በቀለም ተደፍናለች! ከመግዛታችን በፊት ሞተሩ አዲስ እንዲመስል የተቀባ ቀለም ነው። ውሃው መውጫ ሲያጣ ዘንጉን ተከትሎ ዘይቱ ውስጥ ገባ። ጎማውን የበላው ደለሉ ነው አሉን። ጣና በክረምት እንዴት እንደሚደፈርስ ታውቁታላችሁ።

ለመተማመን ፖምፓውን ነቅለው ውሃ ሞሉበት። ትንሽ ቆይቶ በሞተሩ በኩል ባለው ጎን መንጠባጠብ ጀመረ። በዓይናችን አየነው። ከዚያ በኋላ ሥራው ጎማዎቹን መቀየርና ቀዳዳዋን መክፈት ብቻ ሆነ።

ዘይቱ ላይ ግን ምንም አልቸኮሉም። በመለኪያው ቀዳዳ በእጅ ፓምፕ መጠጡት፣ ምክንያቱም ጀልባ ላይ የታችኛው መክፈቻ አይደረስበትም። ፊልትሮ ቀይረው፣ ርካሽ ዘይት ሞልተው፣ ሞተሩ እስኪሞቅ አስነስተው እንደገና መጠጡት። ሁለተኛው ዘይት አሁንም ትንሽ ነጣ ያለ ነበር። ሦስተኛውን በጠርሙስ ቀድተው አሳደሩት። ውሃ ቢኖርበት ከዘይት ስለሚከብድ ጠዋት ከታች ተለይቶ ይታይ ነበር፣ የለም። የተረፈውን አሮጌ ዘይት በሙሉ በጀሪካን ይዘው ሄዱ። ወንድሜ ዳር ላይ ሊደፋው ሲል የተቆጡት ቁጣ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። "ይሄን ውሃ እኮ ሰው ይጠጣዋል!"

የጠየቁት ዋጋ አስቀድመው የነገሩንን ነው፣ አንድ ብር አልጨመሩም። ያለቁትን ጎማዎች እጄ ላይ አስቀምጠው የተበላውን ቦታ አሳዩኝ። ሞተሩ 10 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ዘይቱን አንዴ ቀይሩት ብለውን ቀየርነው፣ ጥርት ያለ ነው። ጀልባዋ ሥራ ላይ ናት።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ብቻ ስትደውሉላቸው ሞተሩን አጥፍታችሁ ይሁን፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።