ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ ቤት ማጓጓዝ፦ የአይሱዙ ኪራይ አገልግሎት ሲመዘን

ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ብዙ ቤተሰቦች የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ከብዷቸው ፊታቸውን ወደ ቢሾፍቱ፣ ዱከም፣ ገላንና ሰበታ ካዞሩ ሰንብተዋል። ቤት አፈላለጉ ላይ መካሪ አይጠፋም፤ ዕቃውን የሚያጓጉዘው አገልግሎት ላይ ግን አብዛኛው ሰው የሚያስበው መኪናው በር ላይ ሲቆም ነው። እዚህ የምንመዝነው ከኮንዶሚኒየም ፎቅ ተነስቶ ቢሾፍቱ ሰፈር ውስጥ የሚያልቀውን የአይሱዙ ኪራይ ነው። ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አስፋልቱ ጥሩ፣ መኪናውም እንደልብ ነው። ችግሩ ያለው ሁለቱ ጫፎች ላይ ነው። ዕቃ የሚሰበረው ከ4ኛ ፎቅ እስከ መኪናው ባለው ደረጃና ቢሾፍቱ ከአስፋልት ከወጡ በኋላ ባለችው ኮረኮንች ላይ ነው፤ ያልታሰበ ገንዘብ የሚወጣውም እዚያው ነው።

መኪና በሦስት መንገድ ይገኛል። በደላላ የሚመጣው ፈጣን ነው፤ በስልክ ተነጋግራችሁ በማግስቱ ይደርሳል። ጉድለቱ ኮሚሽኑ ዞሮ ዞሮ ከናንተ ላይ መውጣቱና የመጣው መኪና ብዙ ጊዜ የተነገረው አለመሆኑ ነው። ኤፍኤስአር (ትልቁ አይሱዙ) ተብሎ ኤንፒአር (አነስ ያለው አይሱዙ) ይመጣና ግማሹ ዕቃ ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ሁለተኛ ምልልስ ደግሞ ሁለተኛ ሂሳብ ነው። ሁለተኛው መንገድ የጭነት መኪኖች ተራ ከሚጠብቁበት ሄዶ ከሾፌሩ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ነው። ካሶኒውን (ዕቃ የሚጫንበትን ክፍል) በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ ሸራና ገመድ መኖሩን ታረጋግጣላችሁ፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሦስተኛው መፍታቱን፣ ማሸጉን፣ መጫኑንና መግጠሙን ጠቅልሎ የሚይዝ ድርጅት ነው። ይወደዳል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሲሰበር የምትጠይቁት አንድ ሰው አለ። ከ2 ዓመት በታች ልጅ ላለውና ዘመድ አዝማድ መጥቶ ለማያግዘው ቤተሰብ ሦስተኛው ዋጋውን ያወጣል። ሁለት ጠንካራ ሰው ማግኘት ለሚችል ግን ያለማመንታት ሁለተኛው ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ማትረፊያ አለ። ከአዲስ አበባ የተያዘ መኪና ባዶውን ስለሚመለስ ሾፌሩ ደርሶ መልስ ያስከፍላል። ከቢሾፍቱ ጭኖ መጥቶ አዲስ አበባ ያራገፈና ባዶውን የሚመለስ መኪና ካገኛችሁ ግን ያንኑ ጉዞ በግልጽ በሚታይ ቅናሽ ይሠራዋል። ቢሾፍቱ የሚኖር ሰው አስጠይቁ። ጥንቃቄው፣ ምን ጭኖ እንደመጣ ማየት ነው። ከተማዋ ዶሮ እርባታ የበዛባት ስለሆነች ዶሮ የጫነ መኪና ይደርሳችሁ ይሆናል፣ ሲሚንቶ የጫነም እንደዚሁ። ወለሉ ተጠርጎ፣ ታጥቦና ደርቆ ካልሆነ ፍራሽ አይጫንበት። የሲሚንቶ ብናኝ ሶፋ ጨርቅ ውስጥ ከገባ፣ የዶሮ ሽታም ፍራሽ ከያዘ ማስለቀቅ አይቻልም፤ ሕፃን የሚተኛበት ፍራሽ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የሽታ ብቻ አይደለም።

መጠኑን በተመለከተ፣ ባለ 2 መኝታ ኮንዶሚኒየም ሙሉ ዕቃ በሥርዓት ከተደረደረ በአንድ ኤንፒአር ይገባል። ባለ 3 መኝታ፣ ትልቅ ቡፌና ኤል ቅርጽ ሶፋ ካለ ኤፍኤስአር ያስፈልጋል። ነገር ግን ኤፍኤስአር ረጅም ነው፣ የቢሾፍቱ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ መዞሪያ ሊያጣ ይችላል። ቤቱ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት አንድ ሰው ሄዶ ሦስት ነገር ይይ፦ የግቢው በር ስፋት፣ ቅያሱ ላይ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ የመብራት ሽቦ መኖሩን፣ የመንገዱን አፈር። ክረምት ላይ ጥቁር መረሬ አፈር የተጫነ አይሱዙን ከዋጠው ለማውጣት የሚከፈለው ገንዘብ ከኪራዩ ላይ ጥሩ ድርሻ ይወስዳል፤ ዕቃውም መንገድ ዳር ያድራል።

ስምምነቱ ላይ መጻፍ ያለበት ዝርዝር አጭር ቢመስልም ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁሌም ከዚያው ላይ ነው። የፍጥነት መንገዱን ክፍያ ማን ይከፍላል? ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በተሽከርካሪው ዓይነትና በርቀቱ ስለሚያስከፍል፣ ሾፌሩ ሂሳቡን በራሱ አድርጎ ከተዋዋለ ለመቆጠብ ብሎ በአሮጌው የአቃቂ–ዱከም መንገድ ሊወስዳችሁ ይችላል። በዚያ በኩል ያለው መቆምና መነሳት፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታውም ጭምር፣ ለመስታወትና ለምጣድ ጠላት ነው። ክፍያውን እናንተ ቻሉት፣ በቱሉ ዲምቱ መግቢያ እንዲገባም አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሌላው የቆይታ ሰዓት ነው፦ ለመጫን 3 ሰዓት፣ ለማውረድ 2 ሰዓት ብሎ መወሰን ይበቃል። የሾፌሩን መንጃ ፈቃድና ታርጋውን ፎቶ አንሱ፤ ኮድ 3 (የንግድ ታርጋ) መሆኑንም እዩ። የሦስተኛ ወገን መድን የተጫነውን የእናንተን ዕቃ እንደማይሸፍን ከወዲሁ እወቁ፤ ስለዚህ ዋናው መያዣችሁ ያልተከፈለው ገንዘብ ነው። ከጠቅላላው ሲሶውን ያህል ስትጭኑ፣ ቀሪውን ቢሾፍቱ ላይ የመጨረሻው ካርቶን ሲወርድ ክፈሉ።

ጫኝና አውራጅ ላይ ሰፋ አድርገን እንቆያለን፣ ምክንያቱም የአገልግሎቱ ደካማ ጎን ይህ ነው። በብዙ ኮንዶሚኒየም ሳይቶችና ሰፈሮች የተደራጁ ወጣቶች አሉ፣ መኪናው ከቆመ በኋላ የሚነገር ዋጋም ሁልጊዜ ከፍተኛ ነው። መፍትሔው በዋዜማው መነጋገር ነው። ዕቃውን አሳዩአቸው፣ ፎቁን ንገሩ፣ «በዕቃ» ሳይሆን «በጠቅላላው» ተስማሙ፣ ስንት ሰው እንደሚመጣም ቁረጡ። ለ4ኛ ፎቅ ከ4 ሰው በታች አይበቃም፤ ሲደክማቸው ቁም ሳጥኑን ደረጃ ላይ መጎተት ይጀምራሉ፣ የቺፕውድ እግር ደግሞ ከተጎተተ ይሰነጠቃል። ቢሾፍቱ ላይም የሚያወርድ ሰው ለብቻው እንደሚያስፈልግ አትርሱ። ከአዲስ አበባ ሰው ጭኖ መውሰድ ቢታሰብም፣ ሰው ካሶኒ ላይ መጫን ክልክልም አደገኛም ነው፤ ጋቢና ውስጥ ደግሞ ከረዳቱ ሌላ ቦታ የለም።

ከሳይት ለመውጣት ከቤቱ ባለቤት ወይም ከነዋሪዎች ማኅበሩ የዕቃ መውጫ ወረቀት ይጠየቃል። ጥበቃው ያለዚያ በሩን አይከፍትም፣ ባለቤቱ ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ካላነሳ ቀኑ ይቃጠላል። ትልልቅ ዕቃዎቹን የዘረዘረ ወረቀትና የወረዳ መሸኛ ይዞ መጓዝ መንገድ ላይ ፍተሻ ሲኖር ያቀላል። መሸኛው ለአዲሱ መታወቂያ ስለሚያስፈልግ ለማንኛውም መውጣት አለበት። የልጆቹ የትምህርት ቤት መልቀቂያና የክትባት ካርድ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ካርቶን ውስጥ የገባ ወረቀት ለሳምንታት አይገኝም።

አሁን ወደ ዕቃው። ፍሪጅ ከመጫኑ በፊት ካለው ማታ ጀምሮ ተነቅሎ፣ በረዶው ሟሙቶ፣ በሩ በፕላስተር ታስሮ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይጓዛል። ጫኞች ማጋደም ይወዳሉ፤ ከተጋደመ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይፈስሳል፣ ወዲያው ሲሰካ ደግሞ ኮምፕረሰሩ ያለዘይት ይሠራና ሊቃጠል ይችላል። ቆሞ የሄደ ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ የተጋደመ ግን አንድ ሙሉ ቀን ሳይሰካ ቆሞ ይቆይ። ከፊት የሚከፈት ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲገዛ ጀርባው ላይ የነበሩት የማጓጓዣ ብሎኖች ከተቀመጡ መልሱና እሰሯቸው። ከጠፉ ደግሞ ውሃውን ሙሉ በሙሉ አፍስሱና ከበሮው እንዳይወዛወዝ አድርጋችሁ በቁመቱ በፍራሽ መሃል አጥብቁት። የጋዝ ሲሊንደር ቫልቩ ተዘግቶ፣ ሬጉሌተሩ ተነቅሎ፣ ከስፖንዳው (ከካሶኒው የጎን ግድግዳ) ጋር ቀጥ ብሎ ይታሰር። ልጆች በሚሳፈሩበት መኪና ውስጥ በጭራሽ አይገባም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ አይሱዙ ላይ አይጫን። ሸክላው ከሥሩ ሽቦ የተቀበረበትና በጀሶ የተደፈነ ስለሆነ ንዝረት ያላላዋል፣ ጠርዙ ላይ የተጀመረች ስንጥቅም በመጀመሪያው ጋገራ ትሰፋለች። አክምባሎው ለብቻው ተነስቶ፣ ምጣዱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በቤት መኪና ወይም በኮንትራት ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ጠፍጣፋውን ይጓዝ። አዲሱ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልካችሁ የማዕድ ቤቱን መስመር አስመርምሩ፦ 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይወስዳል። ለአምፖልና ለስልክ ቻርጅ ከተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ከተሰካ ሶኬቱ ይቀልጣል። ለብቻው ብሬከር ያለው፣ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ያላነሰ (4 ቢሆን ይመረጣል) ሽቦ ይዘርጋለት።

ቁም ሳጥንና የልጆች አልጋ የሚፈቱት ከመጫን በፊት ባለው ማታ ነው፤ ካቻቢቴ ይዞ ጠዋት መጀመር የመኪናውን ሰዓት ይበላል። የእያንዳንዱን ዕቃ ብሎን በየፌስታሉ አድርጋችሁ በራሱ በዕቃው ጀርባ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። የኤምዲኤፍና የቺፕውድ ቀዳዳ ሁለተኛ ሲገጠም ይላላል፣ ስለዚህ የእንጨት ኮላና ጥቂት የክብሪት እንጨት አዘጋጁ፤ ኮላ የነካ እንጨት ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ብሎኑ መልሶ ይይዛል። ቴሌቪዥን ቆሞ፣ በሁለት ፍራሽ መሃል። ሮቶ ባዶውን ሆኖ በመጨረሻ ከላይ ይጫናል፤ ቀላል ስለሆነ ግን ነፋስ እንዳያነሳው በሁለት ገመድ ይታሰር። ውስጡን ትራስና ልብስ መሙላት የተለመደ ቢሆንም ልጆች የሚጠጡት ውሃ ይገባበታልና ንጹሕ ያልሆነ ነገር አይነካው።

የአጫጫኑ ቅደም ተከተል ከጋቢናው ጀርባ በከባዱ ይጀምራል፦ ፍሪጅ፣ ማሽን፣ የተፈታው ቁም ሳጥን በቁመቱ፣ ከዚያ ሶፋ፣ ከዚያ ካርቶን። መጽሐፍና ሳህን በትልቅ ካርቶን አይታሸግ፤ ከ20 ኪሎ በላይ የሆነ ካርቶን ሥሩ ደረጃ ላይ ይከፈታል። የልጆቹ አልጋና ፍራሽ፣ አንድ ማዳበሪያ ልብስ፣ ድስትና ምድጃ በመጨረሻ ይጫኑ፣ መጀመሪያ እንዲወርዱ።

ቀንና ሰዓትም ዋጋ አላቸው። የወር መጨረሻና የበዓል ዋዜማ ኪራዩ ይንራል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፣ የመስከረም መጀመሪያ ደግሞ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሁሉም አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። ሰኔ ማብቂያ ላይ ልጆች ፈተና እንደጨረሱ መውጣት ይሻላል። ከመስቀል በኋላ ባለው ሰሞን ኢሬቻ በሆራ አርሰዲ የሚከበርበትን ቅዳሜና እሑድ ፈጽሞ አትምረጡ፤ ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደው መንገድ ይጨናነቃል። በሌላው ጊዜ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መጫን ጀምሮ 3 ሰዓት ላይ መነሳት ጥሩ ነው። የጠዋቱ ሕዝብ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ እናንተ በተቃራኒው ትወጣላችሁ። 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ የተነሳ ግን በሳሪስና በቃሊቲ ከሥራ ተመላሹ ጋር ተሰልፎ ቢሾፍቱ በጨለማ ይደርሳል፣ በጨለማ የሚወርድ ዕቃ ደግሞ አይቆጠርም። በከተማው አንዳንድ መንገዶች ለጭነት መኪና የሰዓት ገደብ ስላለ መውጫችሁን ከሾፌሩ ጋር በዋዜማው አረጋግጡ።

እርሾውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ አትክደኑት፤ ጋዝ ስለሚፈጥር ክዳኑን ያስፈነጥራል። ግማሽ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ከምጣዱ ጋር በቤት መኪናው ይሂድ። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለችና የምትሞቅ ስለሆነች ሊጡ ቶሎ ይቦካል፤ አዲስ አበባ 3 ቀን ይቆይ የነበረው እዚያ በ2 ቀን መታየት አለበት፣ ካለዚያ የመጀመሪያው እንጀራ ይኮመጥጣል።