ፓይተን ወይስ ጃቫስክሪፕት? ለጀማሪ የትኛው ይቅደም

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ የፕሮግራሚንግ ማሠልጠኛ የሚያማርጥ ጀማሪ ፓይተን፣ ጃቫስክሪፕት፣ ጃቫ እና ሲ ፕላስ ፕላስ የሚሉ ስሞች ይደጋገሙበታል። ቋንቋዎቹን ለመማር የሚያስፈልገው መሣሪያ በነጻ ይገኛል፤ ክፍያው ለአስተማሪው ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ካላስገደደ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይቆዩ፤ ገና ከጅምሩ ብዙ ደንብ ይጠይቃሉ። ጃቫና ጃቫስክሪፕት ደግሞ ስማቸው ቢቀራረብም የተለያዩ ቋንቋዎች ናቸው።

በቀሩት ሁለቱ መካከል ትልቁን ልዩነት የማየው ስህተት ሲፈጠር ነው። የማኪያቶ ሒሳብ የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም እንውሰድ። ተጠቃሚው 20 ብሎ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ 5 ብር ጉርሻ ይጨምርበታል። በሁለቱም ቋንቋዎች ከተጠቃሚው የሚመጣው 20 ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው። ፓይተን ጽሑፍና ቁጥር አይደመርም ብሎ ይቆማል፤ ስህተቱ ያለበትን መስመርም ይናገራል። ጃቫስክሪፕት ግን ምንም ሳይል ሁለቱን አጣብቆ 205 ይላል! በመደመር ፋንታ ቢቀነስ ደግሞ 15 ብሎ በትክክል ይመልሳል። አጠገቡ የሚጠይቀው ሰው የሌለው ተማሪ በዚህ ዓይነቱ ዝምታ ቀኑን ሙሉ ሊዳክር ይችላል።

ጃቫስክሪፕት የሚያሸንፍበት ቦታም አለ። ምንም መጫን አያስፈልገውም፤ በኮምፒውተር ላይ ክሮምን ከፍቶ ኤፍ 12 የሚለውን ቁልፍ መንካትና «ኮንሶል» በሚለው ክፍል ውስጥ መጻፍ ብቻ ይበቃል። የራሱ ላፕቶፕ ለሌለውና በሰው ኮምፒውተር ለሚለማመድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በጋራ ኮምፒውተር ላይ ፓይተንን ልጫን ቢል ላይፈቀድለት ይችላል። ዓላማው ድረ ገጽ መሥራት ከሆነም ዞሮ ዞሮ መማሩ አይቀርም። የቴሌግራም ቦት ግን በሁለቱም ይሠራል፤ መረጃ መተንተንና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ፓይተን ያደላሉ።

ምርጫዬ ፓይተን ነው፤ ኮምፒውተር የሌለውም ቢሆን ፓይድሮይድ የተባለውን መተግበሪያ በአንድሮይድ ስልኩ ላይ ጭኖ ያለ ኢንተርኔት መለማመድ ይችላል። በነገራችን ላይ ሁለቱም ቋንቋዎች «ዋጋ» የሚል ስያሜ በግዕዝ ፊደል ይቀበላሉ። ፓይተን የሚፈልገው ሁለት ነጥብ ግን የእንግሊዝኛው ነው፤ በአማርኛ ኪቦርድ የተጻፈውን «፡» አይቀበልም።

ከመክፈል በፊት የማሠልጠኛውን ማስተማሪያ ጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። የፓይተኑ ጽሑፍ «ፕሪንት» የሚለውን ትእዛዝ ያለ ቅንፍ ከጻፈ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ያበቃውን ፓይተን 2ን እያስተማረ ነው። የጃቫስክሪፕቱ ደግሞ እንደ «ዋጋ» ያለ ስያሜ ለማስተዋወቅ «ቫር» የሚለውን ቃል ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ቋንቋው የገቡትን «ሌት» እና «ኮንስት» ዘሏቸዋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የያዘ ማሠልጠኛ፣ ክፍያው ቢረክስም፣ ይለፈው።