ለታይታ ዕቃ የቱ ታክስ ይሻላል፦ ቫት ወይስ ኤክሳይዝ?

ሰው ለታይታ የሚገዛውን ዕቃ መቅረጫው ሁለት መንገድ ነው። አንዱ አብዛኛውን ዕቃ የሚነካው ቫት፣ ሌላው እየተመረጠ የሚጣለው ኤክሳይዝ።

አሰባሰብ፦ ቫት ይቀላል። 15 በመቶ ነው፣ አለቀ። ነጋዴውም ሲገዛ የከፈለውን ስለሚያቀናንስ ደረሰኝ ይጠይቃል። ኤክሳይዝ "ቅንጦት የቱ ነው?" የሚል ጭቅጭቅ አያጣውም።

ጉዳት፦ እዚህ ላይ ኤክሳይዝ ይሻላል። የእጅ ሰዓት የተገዛው እንዲታይ ከሆነ፣ ዋጋው ሲንር ክብሩ አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጨምራል። ሙሽራ ሁሉ የሠርግ መኪናውን አንድ ደረጃ ዝቅ ቢያደርግ፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ ያው ነው። መንግሥት ገንዘብ ያገኛል፣ ገዢው ብዙም አይጎዳም። በሳሙና ላይ የተጨመረ ብር ግን በቀጥታ ከጓዳ ይጎድላል።

ስጋት፦ ኤክሳይዝ ዒላማ ይስታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ጠንከር አለ። ዓላማው ሌላም ቢሆን፣ ያገለገለች ቪትዝ ለጉራ ትገዛለች እንዴ? አሜሪካም በ1991 እ.ኤ.አ. የቅንጦት ጀልባ ላይ፣ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ባለው ዋጋ 10 በመቶ ጣለች። የጀልባ ሠሪዎች ሥራ አጣን ብለው ጮኹ፤ በ1993 ተሻረ።

ሰፊና የማይዋዥቅ ገቢ ለሚፈልግ ቫት ነው። ዕቃው ዋና ጥቅሙ መታየት ከሆነና ለመደበቅ ካስቸገረ፣ እንደ ትልቅ አዲስ መኪና፣ ኤክሳይዝ ያዋጣል። ከዱባይ በሻንጣ ለሚገባ ወርቅና ሽቶ ግን ታክሱን ባያከብዱት ይሻላል።