የባሕር እንስሳትን ፍርሃቴን ላቀለለችልኝ አሰልጣኝ ምስጋና

ይህን የምጽፈው አንዲት የስኖርክሊንግ አሰልጣኝ ለማመስገንና እንደኔ ለሚፈራ ሰው ለመጠቆም ነው። ስኖርክሊንግ ማለት ማስክ (የውሃ መነጽር) እና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ፣ ውሃው ላይ እየተንሳፈፉ ከሥር ያለውን ማየት ነው። መዋኘት እችላለሁ። ውሃው ራሱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ውሃው ውስጥ ያለው ነው። ከሥሬ የሚያልፍ ጥላ፣ እግሬን ነክቶኝ የሚሄድ የማላየው ነገር፣ አሸዋ ውስጥ የተደበቀ እሾህ። ስለዚህ ሌሎች ሲገቡ እኔ ዳር እቀር ነበር።

"አይዞሽ፣ ምንም አያደርጉሽም" ያላለኝ ሰው የለም። እንዲያውም ከዚህ በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት "ስትገቢ ይለምድሻል" ብሎ ከጀልባ ጥልቅ ውሃ ውስጥ አስገብቶኛል። ፍርሃቴ ባሰ እንጂ አልተሻለኝም።

እሷ ግን "አይዞሽ" አላለችም። መጀመሪያ ጠየቀችኝ። "የትኛው ነው የሚያስፈራሽ፣ እህቴ? ስሙን ካላወቅሽው ምን እንደሚመስል ንገሪኝ።" አንድ በአንድ ነገርኳት። አንዱንም አቃልላ አላለፈችውም። መቼ እንደሚጎዳ፣ ለምን እንደሚጎዳና እኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ነገረችኝ። የሚጎዳውን "አዎ፣ ይጎዳል" አለች። ያመንኳት በዚህ ነው። የሚጎዳውን ካልደበቀችኝ፣ "ይሄ አይጎዳም" ስትለኝም እውነቷን ነው ማለት ነው።

ትምህርቱ የጀመረው ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ ነው። የመጀመሪያው ጉዳይ ስቲንግሬይ ነበር። ጠፍጣፋ ዓሣ ነው፤ አሸዋ ለብሶ ይተኛል፣ ጭራው ላይ መርዛማ እሾህ አለው። ሰው አሳዶ አይወጋም። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጋው ሲረገጥ ነው። ስለዚህ እግር እያነሱ መራመድ የለም፤ እግርን አሸዋው ላይ እየጎተቱ ነው የሚሄዱት። ንዝረቱ ሲሰማው ቀድሞ ይሸሻል። ዳር ዳሩን እየጎተትን ተመላለስን። አንዱ ከፊታችን አሸዋውን አራግፎ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ። የፈራሁት እንስሳ ከኔ ሲሸሽ ማየት ከብዙ ምክር የበለጠ ጠቀመኝ። ቢወጋኝስ ብዬ ስጠይቃትም መልስ ነበራት። ቁስሉን መቋቋም በሚቻል ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳያልፍ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። ሙቀቱ ሕመሙን ያስታግሳል። የተሰካ እሾህ ደረት፣ ሆድ ወይም አንገት ላይ ከሆነ ግን ሐኪም እስኪያየው ድረስ አይነቀልም።

ድንጋይ ላይ የሚኖረውን ክብ እሾሃም እንስሳ፣ የባሕር ጃርትን፣ በአጭሩ ጨረሰችው። እሱ ወደ ሰው አይመጣም፤ ሰው ነው የሚረግጠው። ሶሉ ወፍራም የሆነ የውሃ ጫማ ይረዳል፤ ረጅም እሾህ ግን ጫማም ሊበሳ ስለሚችል ድንጋይ ላይ አይቆምም። ያላዩት ስንጥቅ ውስጥ እጅ አይከተትም። የሚያምር ቀንድ አውጣም አይነሳም፤ ከነሱ መካከል ሰው የሚገድል መርዝ ያላቸው አሉ። ሲነካ ለሚያቃጥለው ለስላሳ እንስሳ፣ ለጄሊፊሽ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ አስለበሰችን። ሞቶ ዳር ላይ የተጣለው እንኳ ሊያቃጥል ስለሚችል አይነካም አለች። አንድ ጠዋት ጄሊፊሽ በዝቷል ብላ ፕሮግራሙን ሰርዛ ገንዘባችንን መልሳልናለች። ይሄን የሚያደርግ ብዙ ሰው አላውቅም።

ከሁሉም በላይ የረዳኝ ግን ስለ ማስክ ያስተማረችኝ ነው። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲያልፍ ስለሚታጠፍ፣ በማስክ የምናየው ነገር አንድ ሦስተኛ ያህል ገዝፎ፣ ሩብ ያህል ደግሞ ቀርቦ ይታያል። ይሄን በቃል ብቻ አልነገረችኝም። ውሃ ውስጥ እጇን ዘረጋችልኝ፣ አየሁት። ከዚያ ራሴን አውጥቼ ያንኑ እጅ ከላይ እንዳየው አደረገች። ልዩነቱ ያስደነግጣል። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ዓሣ ወደኔ የመጣ ሲመስለኝ "ያን ያህል አይገዝፍም፣ ያን ያህልም አልቀረበም" እላለሁ። እስትንፋሴም ይረጋጋል። ደግሞ ስኖርክሊንግ ላይ ዋናው እስትንፋስ ነው። በቱቦ ቶሎ ቶሎ ሲተነፈስ አየር ያጠረ ይመስላል፤ ያኔ ምንም እንስሳ ሳይኖርም ድንጋጤው ይመጣል። ቀስ ብሎ በረጅሙ ማስወጣትን ያስለመደችኝ በእግሬ መቆም በምችልበት ቦታ ነው።

ድንጋይ ወደሚመስለው የባሕር እንስሳ፣ ወደ ኮራሉ፣ ስንሄድ እኔ ተንሳፋፊ ቀለበት ይዤ፣ እሷ ገመዱን እየሳበች ነበር። አንድ ስምምነት ነበረን። ጡጫዬን ካነሳሁ እንመለሳለን፤ ለምን ብላ አትጠይቀኝም። አንስቼ አውቃለሁ። ተመለስን። አልጠየቀችኝም፣ ፊቷም አልተቀየረም። ቃሏን እንደምትጠብቅ ስላየሁ ቀጥሎ ራቅ አልኩ።

እዚያ ስንደርስ እንደሚጠበስ ነገር የሚንጣጣ ድምፅ ሰማሁ። አስቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ እደነግጥ ነበር። ድምፁ ጥፍራቸውን የሚያጮሁ ትናንሽ ሽሪምፖች ነው። ሞሬይ ኢል የሚባለው እባብ መሳይ ዓሣ አፉን የሚከፍተውና የሚዘጋው ለመተንፈስ እንጂ ለመናከስ አይደለም፤ እጅ ካላስገቡበት ከጉድጓዱ ወጥቶ አይመጣም። ትሪገርፊሽ የሚባለው ዓሣ ግን ጎጆውን ሲጠብቅ ሊናከስ ይችላል። የሚጠብቀው ክልል ከጎጆው ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ከሱ መራቅ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው።

ስለ ሻርክም ጠየቅኳት፤ መቼም የማይጠይቅ የለም። በፍሎሪዳ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚዘጋጀው ዓለም አቀፍ የሻርክ ጥቃት መዝገብ በ2024 በመላው ዓለም የመዘገበው፣ ሰው ሳይተነኩሰው የተፈጸመ ንክሻ 47 ነው። ግን ቁጥር ነግራኝ አልተወችኝም። ውሃው ሲደፈርስ አትገባም፤ ሲመሽ አትገባም፤ ዓሣ የሚጠመድበት አካባቢ አትገባም። የሚያብረቀርቅ ጌጥም ታስወልቃለች፤ ለአዳኝ ዓሣ የትንሽ ዓሣ ቅርፊት ሊመስለው ይችላላ።

እንስሳቱንም ከኛ ትጠብቃለች። ኤሊ የባሕር ሣር ሲግጥ አሳይታን ርቀታችንን አስጠበቀችን። ለፎቶ ብሎ ኮራል ላይ ሊቆም የነበረውን ሰው ቆጣ ብላ አስቆመችው። ኮራል ድንጋይ ሳይሆን ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ ሲረገጥ ይሞታል። ዓሣ መመገብም አትፈቅድም፤ ምግብ የለመደ ዓሣ ሰው ላይ ይደፍራልና።

ፍርሃቴ ሙሉ በሙሉ ጠፋ አልልም። አሁን ግን ፊቴን ውሃ ውስጥ ከትቼ ረጅም ጊዜ እቆያለሁ፣ የማየውንም በስሙ አውቀዋለሁ። ለዚህ እሷን ከልቤ አመሰግናለሁ። ትዕግሥቷን እግዚአብሔር ያብዛላት።

በፍጥነት ብዙ ቦታ ማየት የሚፈልግ ሰው ከሷ ጋር ሊሰለች ይችላል፤ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። በአንድ ጊዜ የምትወስደውም ጥቂት ሰው ብቻ ስለሆነ ቀደም ብሎ መያዝ ይሻላል። ለሚፈሩ ልጆቻችሁ ግን ከሷ የተሻለ አላውቅም። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ለሷ ስትጽፉ የሚያስፈራችሁን እንስሳ አብራችሁ ንገሯት፤ ትምህርቷን ከዚያ ነው የምትጀምረው።