ታማራው ፏፏቴ ለምትሄዱ ሁሉ፦ ባለቢጫ ጃንጥላውን ሹፌር ፈልጉ

እንደ እኔ ዱባይ ከፊሊፒናውያን ጋር የምትሠሩና አንድ ቀን አገራቸውን ለማየት የምታስቡ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ሚንዶሮ ደሴት ስትደርሱ ፑዌርቶ ጋሌራ ወደብ ላይ ባለቢጫ ጃንጥላውን ሹፌር ጠይቁ። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ግፍ ይሆንብኛል።

የወሰደችኝ ስድስት ዓመት አንድ ክፍል የተጋራችኝ ጓደኛዬ ናት። በመጀመሪያው ቀን ሌላ ሹፌር ይዘን ነበር። ዋጋ ተስማምቶ ከተነሣ በኋላ መንገድ ላይ «ጨምሩ» አለን፤ እምቢ ስንል ከነሻንጣችን ፀሐይ ላይ አውርዶን ሄደ። ጓደኛዬ በእንግዳዋ ፊት አፍራ አለቀሰች። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

በማግስቱ እኚህን አባት አገኘን። ጓደኛዬ «ኩያ» ትላቸዋለች፤ ጋሼ እንደ ማለት ነው። መኪናቸው ሞተር ብስክሌት ሆኖ ከጎኑ መቀመጫ የተገጠመለት ነው። ዳገት ላይ ቀጥ አለ። ወርደው አንድ ነገር ፈቱ፣ በሸሚዛቸው ጠርገው መልሰው አሰሩ። ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ብቻ ወዲያው ተነሣ። ለዚያ ሁሉ ድካም አንዲት ሳንቲም አልጨመሩም።

ፏፏቴው ከመንገዱ ዳር ስለሆነ ፍንጣቂው ፊት ላይ ያርፋል። ዝናቡ ሲመጣ ቢጫውን ጃንጥላ እኔ ላይ ዘርግተው እሳቸው ጀርባቸው እስኪርስ ቆሙ። «ታማራው የሚባለው የዱር ጎሽስ የት አለ?» አልኳቸው። ሁለት ጣቶቻቸውን አቁመው አሳዩኝ፤ ቀንዱ እንዲህ ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ቤቱ ጎሽ ወደ ጎን አይጠማዘዝም። ከሚንዶሮ በቀር በዓለም የትም የለም፤ የቀረውም ጥቂት መቶ ነው፣ እሱም ራቅ ባሉት ተራሮች ላይ። አዳኝና አራሽ ካሳደዱት ሌላ፣ በ1930ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የገባ የከብት በሽታ ፈጅቶታል። ለካ እኛ «ደስታ» የምንለው የከብት ወረርሽኝ ነው! በክፉ ቀን የአያቶቻችንን በሬዎች የጨረሰው ያው በሽታ። እኔም ስለ ዋልያችን፣ ከሰሜን ተራሮች ሌላ አገር እንደሌለው ነገርኳቸው። ጓደኛዬ ስትተረጉምላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እባካችሁ ሌላ ሹፌር አትያዙ፤ ዋጋም አትከራከሯቸው፣ የሚጠይቁት የሚገባቸውን ብቻ ነው። ቋንቋ ካልተግባባችሁ ሁለት ጣት አቁማችሁ «ዋልያ» በሏቸው፤ ማን እንደላካችሁ ያውቃሉ።