ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሻወር ግድግዳ ለምታሠሩ፦ ዕቃ የገዛሁባት ሱቅ

የኮንዶሚኒየም ቤቴ የሻወር ግድግዳ ሁለት ጊዜ ነው የተሠራው። የመጀመሪያው ሠራተኛ በየሴራሚኩ ጀርባ አራት አምስት ቦታ ሲሚንቶ ጠብ እያደረገ ልስኑ ላይ ለጠፈውና ሄደ። ሲያዩት ያምር ነበር። ዓመት ሳይሞላው ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ መስጠት ጀመረ፤ ከሥር ያሉት ጎረቤቴ እትዬም ጣሪያቸው እንደረጠበ መጥተው ነገሩኝ። እሳቸው ፊት እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ለሁለተኛው ዙር ዕቃ የገዛሁት ወደ አዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ ስትሄዱ መንገድ ዳር ካለች ትንሽ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ነው። ባለሱቋን የሴራሚክ ዋጋ ስጠይቃት መልሷ "ወንድሜ፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው? ልስኑስ በደንብ ደርቋል?" የሚል ነበር። ይህን ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሴራሚኩም ሆነ መሃሉ የሚሞላው ግራውት ብቻውን ውሃ እንደማይከለክል፣ ሥራው ያለው ከጀርባ በሚቀባው ዋተርፕሩፍ ላይ እንደሆነ ያስረዳችኝ እሷ ናት። ውድ ሴራሚክ መርጬ ነበር፤ ረከስ ያለውን ወስጄ ልዩነቱን ቅቡ ላይ እንዳውለው መከረችኝ። ትርፏን ትታ ነው የነገረችኝ፣ ለዚህ አከብራታለሁ።

ቅቡ ዱቄትና ፈሳሽ ነው፣ ተደባልቆ በብሩሽ ይቀባል። ግድግዳውን ከአቧራ አጸዳን፣ ትንሽ አረጠብነው፣ ማዕዘኖቹንና የቧንቧ መውጫውን ዙሪያ በመረብ አጠናከርን፣ ከዚያ አንዱን ዙር ከላይ ወደ ታች፣ እሱ ሲደርቅ ሁለተኛውን አግድም ቀባን። አዲሱ ሠራተኛ ማጣበቂያውን ጥርስ ባለው ብረት ግድግዳው ላይ እየሳበ ነበር የሚለጥፈው፤ አልፎ አልፎ የለጠፈውን አንስቶ ጀርባው ሙሉ በሙሉ መሸፈኑን ያሳየኛል። ግራውቱን በማግሥቱ ሞላ። ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ግን ሲሊኮን ነው ያስገባው፣ ግድግዳ ትንሽ ሲንቀሳቀስ እዚያ ላይ ያለ ግራውት ይሰነጠቃል።

ቅር ያሰኘኝም አለ። ቅቡ በትንሹ አይሸጥም፤ ለኔ 7 ካሬ የማይሞላ ግድግዳ ሙሉውን ገዝቼ ብዙ ተረፈኝ። ከሴራሚኩ ካርቶኖች ሁለቱ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር ከሌሎቹ ይለያል፣ ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ቀለሙም አንድ አይደለም። ያለ ጭቅጭቅ ቀየረችልኝ፣ ግን አራት ቀን አስጠበቀችኝ፣ የሠራተኛው ቀንም ባከነ። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ካርቶኑን ሁሉ አገላብጣችሁ ቁጥሩን እዩ፣ ለቁራጭና ለስብራትም 10 በመቶ ጨምራችሁ ግዙ። ማድረሻ የላቸውም፣ እኔ በባጃጅ ነው ያመላለስኩት።

አሁን ስምንት ወር ሆኖታል። እትዬ ባለፈው ሳምንት ጣሪያቸውን ቀለም አስቀቡ።